ባዶውን የተለቀቀ ቀስት

ስልክ የሚባል ነገር ባይፈጠር ኖሮ እኔ ዛሬ የተከበርኩ አማች ነበርኩ። በዓል በዓል እየሄድኩ፣ የቀረበልኝን በልቼ፣ ‹‹አላህ ይስጥልኝ›› ብዬ የምመለስ ዝምተኛ ሰው። ግን ስልክ አለ። እኔ ደግሞ ስልክ ጆሮዬ ላይ ሲለጠፍ ምላሴን የሚያዘው ሌላ ሰው ነው። ባለቤቴ ዘይነባ፣ ‹‹ከአባቴ ጋር ስታወራ ደረትህ ለምን ይነፋል? የሸሚዝህ ቁልፍ እኮ አለቀ!›› ትለኛለች። እውነቷን ነው። ደሴ ሆጤ ሰፈር ቁጭ ብዬ፣ እንኳን ከርከሮ ድመት አባርሬ የማላውቅ ሰውዬ፣ በስልክ ስንት ከርከሮ ገድዬ እንደማውቅ አትጠይቁኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ አባ እንድሪስ ከቢስቲማ ከተማ ወረድ ብላ ባለች መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የማሽላ ማሳቸው ከገደሉ ጥግ ነው፤ ገደሉ ደግሞ የከርከሮ ሰፈር ነው። ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር ከርከሮው ሚስቱንም ልጆቹንም አስከትሎ እንደ ሰርግ እድምተኛ ይመጣል። እድምተኛስ በልቶ ይመርቃል፤ ከርከሮ ግን የበላውን በልቶ የተረፈውን ረግጦ ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው መንደሩ የጥበቃ ተራ ያለው። ከማሳው መሀል ማማ ይሠራል፤ ተረኛው ወንጭፉን ይዞ ይወጣና የራሱንም የጎረቤቱንም ማሽላ አንድ ላይ ይጠብቃል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ደንብ ነው። አማቴም ጉልበታቸው እያመማቸው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ሲወጡበት ኖረዋል።

የዘይነባ ወንድም ሰይድ ደግሞ ዓረብ አገር ነው፤ ሀብታሞች ለጨዋታ ዒላማ በሚመቱበት ቦታ ይሠራል። የአባቱን ጉልበት ነገር ሲሰማ አንድ ያገለገለ ዘመናዊ ቀስት ገዝቶ፣ አገሯ በምትገባ ልጅ እጅ ላከልን። ‹‹ተቀብለህ አስተካክልና ለአባባ አድርስልኝ። ቀበሌውንም ለከርከሮ መከላከያ ብለው አስፈቅደዋል። አንተ መካኒክ አይደለህ?›› አለኝ። አዎ፣ መካኒክ ነኝ። ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ነው የምጠግነው። የሽመና ማሽን ጥገና ከከርከሮ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አላውቅም፤ ግን ‹‹መካኒክ›› ሲለኝ ደስ አለኝና ‹‹አብሽር!›› አልኩት።

ሰይድ ሌላም ነገር ነግሮኝ ነበር። ‹‹ባዶውን እንዳይለቀቅ። ፍላጻ ሳትገባበት ተስቦ ከተለቀቀ ኃይሉ መሄጃ ያጣና ራሱን ይሰባብራል። ሰማኸኝ? ባዶውን እንዳይለቀቅ!›› ‹‹ሰምቻለሁ›› አልኩት። ደጋግሞ ነገረኝ፤ ደጋግሜ ሰምቻለሁ አልኩት። ወላሂ ሰምቻለሁ።

ሳጥኑን ስከፍተው ደነገጥኩ። እኔ ቀስት ሲባል የታጠፈ እንጨትና ጅማት ነበር የጠበቅኩት። ይሄ ግን ሁለት አጫጭር ክንፍ አለው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ መዘውር አለው፣ መሀሉ ላይ ገመዱ ወዲያና ወዲህ ተጠላልፏል። ብስክሌት ፈትቶ መልሶ መግጠም ያቃተው ሰው የሠራው ነው የሚመስለው። ሳጥኑ ላይ ፍጥነቱ ተጽፏል፤ ወደኛ መለኪያ ቀይሬ ሳሰላው በሰከንድ መቶ ሜትር ሆነ። በሰከንድ! ቀስቱን ገና ሳልነካው ስልኬን አነሳሁ።

‹‹አባባ፣ መጣልዎት! በሰከንድ መቶ ሜትር ነው የሚሄደው!››

‹‹ሰከንድ ምን ያህል ናት ልጄ?››

‹‹ቢስሚላህ ብለው እስኪጨርሱ ናት አባባ።››

‹‹እንግዲያው ቢስሚላውን አስቀድሜ ልበል እንጂ።››

‹‹ያስቀድሙ! ዘንድሮ ከማሽላዎ አንዲት ዛላ ብትነካ እኔን ይጠይቁኝ! ማማ መውጣት ቀረ አባባ! ቀረ!››

ይኼን ያልኩት ለሞቅታ ነው። ሰው ስልክ ላይ ‹‹ናፍቀኸኛል›› ሲል በቃ ነገ ይመጣል ተብሎ በግ ይታረዳል እንዴ? አማቴ ግን የሰሙትን እንደ ኒካህ ቃል ነው የያዙት። በጁምዓው ከስግደት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ቆሙና፣ ‹‹ጀመዓ፣ ከእንግዲህ እኔን ከተራው አውጡኝ። አማቼ በሰከንድ መቶ ሜትር የሚሄድ ነገር ሊያመጣልኝ ነው›› ብለው አወጁ። የተራው ሰዎች ተቀየሙ። ‹‹መርሀባ! እርስዎ ከእኛ ከወጡ እኛም ከእርስዎ ማሳ ላይ ዓይናችንን አነሳን›› አሏቸው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ያ ማሳ ጠባቂ የለውም። ያ ማሽላ ደግሞ የዓመት ቀለባቸው ነው፤ ሌላ የሚጠብቁት የላቸውም።

ይኼን ሁሉ የነገሩኝ የዘይነባ እናት እማማ ፋጡማ ናቸው። ‹‹ልጄ፣ በአላህ ቶሎ በል። እኛ ምላስህን አምነን ነው የተቀመጥነው›› አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ቀስቱ ሮጥኩ።

ቀስቱን አንስቼ ብስበው እንቢ አለኝ። እግሬን ግድግዳ ላይ ተክዬ ብስበው እንቢ አለኝ። ለካ የመሳቢያ ክብደቱ ሰባ ፓውንድ ነው፤ በእኛ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ገደማ። ሠላሳ ሁለት ኪሎ ጤፍ ቢሆን ተሸክሜ ዳገት እወጣለሁ። ይሄ ግን በሦስት ጣት ወደ ኋላ የሚሸከሙት ሠላሳ ሁለት ኪሎ ነው። ሰይድን ብጠይቀው፣ ‹‹መጀመሪያ ላይ ነው የሚከብደው። መዘውሩ ዞር ካለልህ በኋላ ቅልል ይልሃል፤ የሳብከው እስከማይመስልህ ድረስ›› አለኝ።

‹‹የትዳር ግልባጭ በለኛ!›› አልኩት። ዘይነባ ከኋላዬ መቆሟን አላየሁም። ያን ሰሞን ራቴን ራሴ ነበርኩ የማሞቀው።

አማራጭ ሳጣ ቀስቱን ጠቅልዬ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይዤው ሄድኩ። እዚያ ከማል የሚባል የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ ስለማያውቀው ነገር እንኳ ቢሆን ተከራክሮ የሚያሸንፍ ሰው ነው። በምሳ ሰዓት ብረት ማሰሪያው ሞርሳ አጠገብ ቁጭ ብለን ክንፎቹን የያዙትን ብሎኖች በብሩጎላ ቁልፍ ትንሽ ትንሽ እያዞርን አላላናቸው። ክብደቱ ወረደ፣ ወረደ፣ ሃምሳ ፓውንድ አካባቢ ደረሰ። አሁን እንኳን እኔ፣ የቢስቲማ ሽማግሌ ሁሉ ይስበዋል አልኩና ደስ አለኝ። አፌን በሰበረው!

ከማል ደስታዬን አይቶ ዝም ማለት አልቻለም። ‹‹ክብደቱን ስትቀንስ ፍጥነቱም አብሮ እንደሚቀንስ ታውቃለህ አይደል?››

‹‹ሳጥኑ ላይ መቶ ይላል እኮ!››

‹‹ሳጥኑ ላይ ያለው በሰባ ፓውንድ፣ ክንደ ረጅም ሰው ስቦት፣ በቀላል ፍላጻ የተለካ ነው። እኛስ ጨርቁ ላይ ‹ቀለሙ አይለቅም› ብለን እንለጥፍ የለ?››

እዚህ ላይ ተረታሁ። እሱን ጨርቅ ለብሼ ዝናብ መትቶኝ ያውቃል። ግን ለአማቴ የተናገርኩት መቶ ነው፤ ደውዬ ‹‹አባባ፣ ወደ ሰባ ሜትር ወርዷል›› ልበላቸው? ከአፍ የወጣ አፋፍ! ስለዚህ ቀላል ፍላጻ እንጠቀም፣ ፍጥነቱ ይመለስ አልኩ። ከማል ጠረጴዛውን መታ። ‹‹ቀላል ፍላጻ ይፈጥናል፤ ሂዶ የከርከሮውን ቆዳ ‹አሰላሙ አለይኩም› ብሎ ይመለሳል። ከባዱ ይዘገያል፤ ግን ይገባል። አንተ የምትፈልገው የሚደርስ ነው ወይስ የሚገባ?››

ነገሩን ሰምተው ሠራተኞቹ ተሰበሰቡ። ፈታዮቹ ፍጥነት ነው አሉ፤ ሸማኔዎቹ ክብደት ነው አሉ። ከርከሮ በፎቶ እንኳ አይቶ የማያውቅ የሒሳብ ሠራተኛ መጥቶ አጥንቱ ስንት ጣት እንደሚወፍር አስረዳን። በመጨረሻ ፍላጻዎቹን ጥራት ክፍል ይዘናቸው ሄድንና የፈትል ክብደት በሚለካባት ሚዛን መዘንናቸው። በዚያ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ለሰባ ፓውንድ የተሠራ ፍላጻ ለሃምሳ ሲሆን ግትር ነው፣ ሲወጣ አልታጠፍም ይልና ወደ ጎን ይሄዳል ተባለ። ከማል ጫፏ ላይ የሚጠለቀውን ብረት በከባድ ቀየረው። ጫፏ ሲከብድ ግትርነቷም ለቀቅ ይላል፣ ክብደትም አገኘን አለኝ። ፍጥነቱስ? ‹‹ፍጥነቱን እርሳው›› አለኝ። እኔ ልረሳው እችላለሁ፤ መስጊድ በር ላይ የሰማው ሕዝብ ነው የማይረሳው።

ቅዳሜ ሆጤ ግቢያችን ውስጥ አንድ ጆንያ ቡትቶ ጠቅጥቄ የአጥሩ ግድግዳ ላይ አስደገፍኩ። እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው ቀስቱን በግራ እጄ ይዤ በቀኜ ሳብኩት። ፍላጻዋ ማረፊያዋ ላይ አልቀመጥም ብላ ትወድቃለች። ማነጣጠሪያው ከሌላ ወገን ቆሟል። ባነሳት ትወድቃለች፣ ባነሳት ትወድቃለች፤ ንድድ ብሎኝ በጣቴ ደገፍኳትና ለቀቅኳት። ጆንያውን ዞር ብላም አላየችው። ግድግዳውን ተሻግራ የጎረቤታችን የእትዬ አሰገደች የውሃ ሮቶ ላይ ጧ ብላ ተሰካች።

‹‹ኧረ በስመአብ! ምን መዓት መጣብን!›› እያሉ ወጡ። በእኛ ሰፈር ውሃ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፤ ሮቶ የነካ ሰው ዓይን የነካ ያህል ነው። በአጥር ዘልዬ ሄጄ ፍላጻዋን ልነቅል ስል እጄን ያዙኝ። ‹‹እንዳትነካት! ብትወጣ ውሃዬ ይፈሳል!›› እውነትም ልክክ ብላ ገጥማለች፤ ጠብታ አታሳልፍም። ውሃው ተቀድቶ እስኪያልቅ ድረስ ሮቶው ፍላጻ እንደተሰካበት ሰነበተ። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያያል፤ እትዬ አሰገደች ደግሞ በጣታቸው የእኔን በር ያሳያሉ። ለከማል ስነግረው፣ ‹‹ገባች አይደል? ክብደት ነው ብዬህ ነበር!›› ብሎ ጨፈረብኝ።

ዘይነባ ልብስ እያጠበች ሁሉንም ስታይ ቆይታ ኖሯል። ‹‹እስቲ በሌላው እጅህ ያዘው›› አለችኝ።

‹‹በየትኛው?››

‹‹ገልብጠህ ያዘው። ሰይድ እኮ ግራኝ ነው። እማዬ ‹በቀኝህ ብላ› እያለች እጁን ስትመታው ነው ያደገው።››

ገልብጬ በቀኝ እጄ ይዤ በግራዬ ሳብኩት። ፍላጻዋ ማረፊያዋ ላይ እንደ ሙሽራ ቁጭ አለች። ማነጣጠሪያው ዓይኔ ፊት መጣ። ቀስቱ የግራኝ ነው! ያ ሁሉ ብሎን፣ ያ ሁሉ ሚዛን፣ ያ ሁሉ ክርክር፣ የግራኝ ቀስት በቀኝ ለመሳብ ነው። ሰይድ ጋ ደውዬ ጮህኩበት። ‹‹ታዲያ ሞክሬ የተመቸኝን ነዋ የመረጥኩት! ሌላው ሰው በየት በኩል ነው የሚስበው?›› አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

መመለስ አይቻልም፣ መለወጥ አይቻልም፣ ከርከሮው ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ከሰኞ ገበያ ትልቅ ጆንያ ገዝቼ ቀስቱን ጠቀለልኩና በሐይቅ በኩል ወደ ቢስቲማ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጆንያውን ዳሰስ አድርገው፣ ‹‹ክራር ነው ልጄ?›› አሉኝ። ከማስረዳት መዋሸት ቀለለኝና ‹‹አዎ እናቴ›› አልኩ። ሹፌሩ ወዲያው የከፈተውን ዘፈን ዘጋው። ‹‹እስቲ ምታልን!›› አለ። ‹‹ክሩ ተበጥሷል›› አልኩ። ‹‹አይዞህ፣ ክራር የሚጠግን የእህቴ ልጅ ቢስቲማ አለ፤ እኔ ነኝ የምወስድህ›› ብለው እናትዬዋ ክንዴን ያዙ። ስንደርስ ከእሳቸው ማምለጥ ቀስቱን ከመሳብ አይሻልም ነበር።

አማቴ ቤት ስደርስ መጀመሪያ ማሳውን አሳዩኝ። የገደሉ ጥግ ያለው ማሽላ ተኝቷል። አገዳው ተሰብሮ፣ ፍሬው ከአፈር ተለውሶ፣ አንጀት ይበላል። እማማ ፋጡማ ከወደቀው ዛላ የሚተርፈውን በቀሚሳቸው ይለቅማሉ። አማቴ ‹‹አልሀምዱሊላህ፣ አንተ መጣህልን›› ብቻ አሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ያን ጊዜ ነው ምላሴ ምን እንዳደረገ በዓይኔ ያየሁት።

ቀስቱን አውጥቼ አያያዙን ሳሳያቸው ፊታቸው ተለወጠ።

‹‹በግራ?››

‹‹አዎ አባባ፤ የግራ ነው።››

‹‹ቢስሚላህ ብዬ በግራ እጄ? አስተግፊሩላህ! በግራ የተጀመረ ነገር ምን በረካ አለው? ሰይድ እዚያም ሄዶ አልተወውም እንዴ!››

‹‹አባባ፣ ማሽላው …››

‹‹ማሽላው ይለቅ! በግራማ አልጀምርም።››

ለመንኩ፣ አስለመንኩ፣ እንቢ አሉ። መጨረሻ ላይ እማማ ፋጡማ፣ ‹‹ሼህ ሙሄ ይጠየቁ›› አሉና ነገሩ ቆመ። ሼህ ሙሄ የአካባቢው ትልቅ ሼህ ናቸው፤ እሳቸው ያሉት አይመለስም። ከሰዓቱ የአስር ስግደት በኋላ ደረሶቻቸውን፣ የቁርአን ተማሪዎቻቸውን አስከትለው መጡ። የጥበቃው ተራ ሰዎችም፣ የተቀየሙት ሁሉ፣ መቶ ሜትሩን እንይ ብለው መጡ። ግቢው ሞላ።

ሼሁ ቀስቱን አገላብጠው አዩትና አማቴን፣ ‹‹እንድሪስ፣ ከርከሮ ይበላል?›› አሏቸው።

‹‹አስተግፊሩላህ!››

‹‹ታዲያ ምንድን ነው?››

‹‹ነጃሳ ነዋ።››

‹‹ነጃሳ በየትኛው እጅ ነው የሚጸዳው?››

አማቴ አንዴ ቀኝ እጃቸውን፣ አንዴ ግራ እጃቸውን አዩ። ‹‹በግራ›› አሉ ቀስ ብለው።

‹‹እንግዲያው ይኼ ቀስት ሥራውን ያውቃል!››

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። የተቀየሙት ሳይቀሩ ‹‹ማሻአላህ!›› አሉ። እኔ ከደስታዬ ብዛት ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም። አማቴም ሳቁ፤ ከመጣሁ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እዚያው ላይ ብናቆመው ምን ነበረበት? አንዱ ግን፣ ‹‹በሉ ዱዓ ይደረግበት እንጂ!›› አለ። ይኼን ያለው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ እየፈለግሁት ነው።

ሼህ ሙሄ ቆሙ፤ ቀስቱን በግራ እጃቸው ያዙ፤ የቀኝ እጃቸውን ጣቶች ገመዱ ላይ አሳረፉ። እኛ መዳፋችንን ዘረጋን።

‹‹ያ ጀሊሉ! ይቺን የእንድሪስን ማሽላ ጠብቅለት!››

‹‹አሚን!››

‹‹ከርከሮውን ከአገራችን ንቀልልን!››

‹‹አሚን!››

ዱዓው እየጋለ ሲሄድ ገመዱም አብሮ መሳብ ጀመረ። ሼሁ ልብ አላሉትም፤ ሲቆጡ እጃቸው ወደ ደረታቸው ይመጣል፣ ገመዱን አስከትሎ። ፍላጻ የለበትም። ባዶ ነው። ‹‹ይቆዩ!›› ማለት ነበረብኝ። ግን ዱዓ እየተደረገ፣ ያን ሁሉ ሰው አቋርጦ፣ ትልቅ ሼህን ‹‹ይቆዩ›› የሚል ሰው በወሎ ምድር ገና አልተወለደም። ቢወለድም የሰው አማች አይሆንም። አንድ እርምጃ ጠጋ አልኩ፤ አማቴ በዓይናቸው ‹‹እጅህን ዘርጋ!›› አሉኝ። ዘረጋሁ።

ሰባ ፓውንድ እንደነበረ ቢቀር ኖሮ ሼሁም ሆኑ ማንም አይስቡትም ነበር። በብሩጎላ ያላላሁት እኔ ነኝ። መዘውሩ ዞር አለ፤ ክብደቱ ቅልል አለ፤ ሼሁ አሁን እጃቸው ላይ ምን እንደተሸከሙ እንኳ የሚያውቁ አይመስሉም። ለዝናቡ አደረጉ፣ አሚን። ለታመመው አደረጉ፣ አሚን። በባዕድ አገር ላለው ለሰይድ አደረጉ፣ አሚን። ቀጥለው ወደኔ ዞሩ። ‹‹ለዚህም ለአማቻችን፣ ያሰበውን አሳካለት!›› እኔ ያሰብኩትማ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገመዱን ቀስ አድርገው እንዲመልሱት። ከማንም በላይ ጮክ ብዬ ‹‹አሚን!›› አልኩ።

እና ዱዓ ሲያልቅ ሰው ምን ያደርጋል? በሁለት መዳፉ ፊቱን ይዳብሳል። ሼሁም ፊታቸውን ሊዳብሱ እጃቸውን አነሱ።

ጧ!

እኔ ያን ጊዜ ዓይኔ በመዳፌ ተሸፍኗል፤ የሰማሁት ድምፁን ነው። እጄን ሳወርድ የሼሁ ጥምጣም መሬት ወርዷል፣ አንዱ ክንፍ ለሁለት ተከፍሏል፣ መዘውሩ እየተንከባለለ የእማማ ፋጡማን ዶሮዎች ያባርራል። አልሀምዱሊላህ ሰው አልተነካም። አንድ ደረሳ፣ ‹‹ተቀባይነት አገኘ ማለት ነው?›› ብሎ ጠየቀና በክርን ተመታ።

አማቴ የተሰበረውን ነገር አዩ፣ የተኛውን ማሳ አዩ፣ እኔን አዩ። ‹‹እንዲህ ባዶውን ሲለቀቅ ይሰበራል እንዴ?››

‹‹አዎ አባባ።››

‹‹ታውቅ ነበር?››

‹‹አውቅ ነበር።››

‹‹ታዲያ ምነው ዝም አልክ?››

‹‹ዱዓ ላይ ነበርን አባባ።››

‹‹እሱስ ልክ ነህ›› አሉና ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ተራውን ትተው ወጥተዋል፤ ቀስቱ ሄዷል፤ ከርከሮው ገደሉ ውስጥ ነው። እማማ ፋጡማ ፊታቸውን አዙረው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሰው በአንድ ስልክ ይኼን ያህል ቤት ያፈርሳል?

ሼህ ሙሄ ጥምጣማቸውን አራግፈው ጠመጠሙ። ‹‹የሰበርኩት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ማሳ ጠባቂ እኔ ነኝ›› አሉ።

‹‹ኧረ በአላህ! ኧረ አይሆንም!›› ሰው ሁሉ ተንጫጫ። አማቴ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ደረሱ። ሼሁ ግን መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ሄደው ማማው ላይ ወጡ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ትልቅ ሼህ ማማ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ቤቱ ሄዶ የሚተኛ ሰው አለ? ደረሶቹ ተከተሏቸው። የተራው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩና አፈሩ፤ ወንጭፋቸውን እያነሱ እነሱም ሄዱ። በማግስቱ ሼሁ ማሳ ይጠብቃሉ ሲባል ሰምቶ ከታችኛው መንደር ሰው መጣ። ሼሁ ካሉ ዱዓ አለ፤ ዱዓ ካለ መንዙማ አለ፤ መንዙማ ካለ ድቤ አለ። እኔ ወደ ሥራዬ ስመለስ ማማው ሥር ሰው እንደ ሰኞ ገበያ ሞልቶ፣ ድቤው ገደሉን ያናውጠው ነበር። ከርከሮው ዘር ማንዘሩን ይዞ አገር ለቆ ሄደ። እኔም በነፍሴ ‹‹ይኸው ዱዓው ሠራ፣ ተገላገልኩ›› አልኩ። እንዲያውም ለከማል ያለ ፍጥነትም ያለ ክብደትም ከርከሮ ይባረራል ብዬ ተኩራራሁበት።

ሰነባብቼ ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ደወልኩ። አማቴ አነሱ፤ ከኋላቸው ድቤ ይመታል። ድምፃቸው ሹክሹክታ ነው።

‹‹አባባ፣ ማሽላው እንዴት ነው?››

‹‹ማሽላውማ ሰላም ነው። የከርከሮ ኮቴ ከታየ ስንት ጊዜው። የተበላሁት እኔ ነኝ።››

‹‹እንዴት?››

‹‹እንዴት ትላለህ እንዴ? ለኔ ብሎ የመጣን ሰው ጾሙን ላሳድረው? እናትህ ፋጡማ ወገቧ እስኪቀነጠስ ትጋግራለች። ያምናው እህል አለቀ። ሙክቶቹን አረድኳቸው። እሸቱንም እየጠበሱ ነው የሚጠብቁት፤ ጥንቅሹን ደረሶቹ ጨረሱት። አሁን ደግሞ ከሐይቅ በኩል እንግዶች እየመጡ ነው አሉኝ።››

‹‹ታዲያ ለሼሁ ይንገሯቸዋ፣ በቃ ከርከሮው ሄዷል ብለው!››

‹‹ነገርኳቸው። ‹አብሽር እንድሪስ፣ እስከ አጨዳው አንለይህም› አሉኝ። ከዚያ በላይ ምን አፍ አለኝ?›› ድቤው ትንሽ ጋብ አለ፤ አማቴ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈን ሳያደርጉ አልቀሩም። ‹‹ስማኝማ ልጄ፣ እስቲ ሰይድን ጠይቅልኝ። እዚያ ዓረብ አገር፣ ከርከሮ የሚጠራ ነገር ይሸጥ እንደሆነ። አንድ ከርከሮ ብቻ ቢመጣልኝ ጥበቃው አልሠራም ብለው ይወርዱልኝ ነበር።››